የሲፕሪያን ጆሮ

ኦክቶበር 9 ቀን 1927፣ እሑድ

ዛሬም ዝናብ የለም። እኔ እንዲዘንብ እጸልያለሁ፣ ሲፕሪያን እንዳይዘንብ ይጸልያል፤ ያውም አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ መስቀል ፊት ተንበርክከን። እግዜር የትኛችንን ይስማ? የኔ ጭንቀት ከጣሪያ የምናጠራቅመው የመጠጥ ውኃ ነው። ገንዳው ጎድሎ ባልዲው ወለሉን ይፍቃል። የሱ ጭንቀት ቅርፊቱ ነው። ባሕር ዳር ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ የተላጠ ቅርፊት ዝናብ ከነካው ቆዳ የሚለፋበት ቀዩ ታጥቦ ይሄዳል፤ ቀዩ የሌለው ቅርፊት ደግሞ ለቆዳ ፋብሪካ ምን ይሠራለታል? ማገዶ ነው።

ባሌ የቅርፊት አለቃ ነው። ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደዚህ ሩቅ ደሴት ወደ አልዳብራ ሲያመጡን እናቴ «ከኤሊ በቀር ሰው የሌለበት ቦታ ማንን ልታወሪ ነው?» ብላ አልቅሳ ነበር። ኤሊዎቹንም አወራኋቸው፤ ጥሩ ሰሚዎች ናቸው። በሩ ላይ የምትመላለሰው መብረር የማትችል ወፍም አለችኝ፤ ጉሮሮዋ ነጭ ስለሆነ «እማሆይ» ብያታለሁ። ቪክቶሪያ ከተማ ያስተማሩኝ መነኮሳት መቼም አይሰሙኝ። አንዷ «ሴራፊን፣ ብዕርሽም እንደ ምላስሽ ልጓም የለውም» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

የዛሬው ደስታዬ ግን ሌላ ነው። ከተጋባን ጀምሮ እራት በልተን ወሬዬን ስቀጥል ሲፕሪያን የሚላት ነገር ነበረችው፦ «ሴራፊን፣ እስቲ አፍሽን አሳርፊ።» ሳይላት አይተኛም ነበር። ከኦገስት ወዲህ ግን አንድም ቀን አላላትም! ፊቴን እያየ ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ስጨርስ ራሱን ይነቀንቃል። ባል ሲያረጅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ የነገረኝ ሰው የለም።

ኦክቶበር 13

የጠጅ ሳር ሻይ ይዤለት ማስጫው ሜዳ ወረድኩ። ሜዳው ሙሉ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅርፊት ከሩቅ ሲያዩት መሬቱ የተላጠ ይመስላል። ቅርፊት ላጮቹ ደርቋል ያሉትን ክምር ሲያቀርቡ ሲፕሪያን ከመሐሉ አንድ ቁራጭ መዞ ጆሮው ሥር ይሰብረዋል። የደረቀ ከሆነ «ቀጭ!» ይላል። ያልደረቀው እንደ አሮጌ ጨርቅ ድምፅ ሳያሰማ ይተረተራል። ቀጭ ያለው ወደ መጋዘን ይገባል፣ ሌላው ወደ ፀሐዩ ይመለሳል። እዚህ ደሴት «የሲፕሪያን ጆሮ» ሲባል እንደ ሚዛን ነው፤ ማንም አይከራከረውም።

ስመለስ ጋስፓር ሲያወራ ሰማሁት። ከላጮቹ ሁሉ ረጅሙና ቀልደኛው እሱ ነው።

«ቶንቶን ዘንድሮ ልባቸው ራርቷል» ይላል። ሲፕሪያንን ሁሉም ቶንቶን ነው የሚሉት፣ አጎቴ ለማለት። «አምና ክምሬን እየመለሱ አጥንቴን አወጡት። ዘንድሮ አንዱንም አልመለሱብኝ።»

«ሰው ሲያረጅ ይለዝባል» አለ ሌላው።

ኮራሁ። ማታ ለሲፕሪያን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

ኦክቶበር 17

ሙሴ ባርቶሎ፣ የደሴቱ አስተዳዳሪ፣ ቤታችን ብቅ ብለው ነበር። መርከቡ በዲሴምበር መጀመሪያ ይደርሳል። ዘንድሮ ቅርፊቱን የሚፈትሹት ካፒቴን ሎዛን ራሳቸው ናቸው አሉ። ምክንያት አላቸው። አምና ከሌላ ደሴት የጫኑት ቅርፊት እርጥበት ነበረው፤ መርከቡ ሆድ ውስጥ ታፍኖ እየሞቀ ሄዶ፣ ባሕር መሐል ላይ ጭስ ማውጣት ጀመረ። መርከበኛው ሁሉ ሌሊቱን ጆንያ ወደ ባሕር ሲወረውር አደረ። ካፒቴኑ በሚቀጥለው ጉዞ የዚያን ደሴት የቅርፊት አለቃ ከነሚስቱ፣ ከነዶሮው ጭነው ማሄ መለሱት።

«ሲፕሪያን፣ ጭነታችን የሚያሳፍር አይሆንም፣ አይደል?» አሉ።

ሲፕሪያን እኔን አየ።

«አይሆንም ሙሴ!» አልኩ። «በማስጫው ሜዳ አቧራ እንኳ ሳይደርቅ አያልፍም!»

«ማዳም፣ የጠየቅሁት እኮ ባለቤትዎን ነው» ብለው ሳቁ።

አፌ መቼ ያርፋል። ሰው መልስ እስኪያስብ መጠበቅ አልችልም።

ማሄ ምን አለን? የሲፕሪያን እህት ጓዳ አለ፤ እሱም ግማሹ የድንች ማስቀመጫ ነው። እዚህ ቤቴ አለኝ፣ ዱባዬ አለኝ። ልጄ ኤልቪርም እዚህ ናት። ግን ለምን ስለ መሄድ እጽፋለሁ? ማንም ሂዱ አላለን። ሲፕሪያን ጤነኛ ነው። በኦገስት የጠፋውን መልሕቅ ፍለጋ እየደጋገመ ጠልቆ ሁለቱም ጆሮዎቹ መግል ይዘው ነበር፤ የኮኮናት ዘይት እያሞቅሁ አንጠባጠብኩለትና ዳነ። መግሉ ቆሟል። ድኗል።

ኦክቶበር 22

በአጭሩ ልጻፍ።

ባሕሩ ሲጎድል ደሴቱ እንደ ቀለበት የከበበው የውስጠኛው ባሕር ውኃ በጉሮሮው ነው የሚወጣው። ጉሮሮው የምንለው በሁለቱ ድንጋዮች መሐል ያለውን ጠባብ መውጫ ነው። ቅርፊት የጫነ ጀልባ እዚያ ሲደርስ ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል፤ ጫፉ ላይ የቆመው ሰው፣ ማለትም ሲፕሪያን፣ ገመድ ይወረውርለታል። ካልወረወረለት ጎርፉ ወደ ውጭው ባሕር ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ አፍሪካ ነው።

ጋስፓር ነፋ። እኔ ዱባ ሥር ነበርኩ። ሁለተኛ ነፋ። ቀና አልኩ። ሲፕሪያን ጫፉ ላይ ቆሟል፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ገመዱን ይጠቀልላል። ሦስተኛው ላይ ሮጥኩ። ጫማዬ የት እንደቀረ እንጃ። ክንዱን ስይዘው ደነገጠ፣ ዞረ፣ አየ፣ ወረወረ። ያዙት። ጀልባዋ ድንጋዩን ገጭታ ትንሽ ቅርፊት ረጠበ እንጂ ሰው ደህና ነው።

«ነፋሱ ነው ድምፁን የወሰደው» አለ ሲፕሪያን።

አዎ፣ ነፋሱ ነው። ዓሣ አድራቂዋ ጎረቤቴ ኦክታቪ ያን ሰዓት እሳት አንድዳ ነበር፤ የባሕሩ ነፋስ ጭሱን ወደ ቤቴ እያመጣ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው የዋለው።

ኦክቶበር 29

ጋስፓር ዛሬ ነጭ ሸሚዙን መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ሰቅሎ መጣ። ሸሚዝ ለማድረቅ ጉሮሮውን የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲፕሪያን ገመዱን ቶሎ ወረወረ። ይኸው! ምንም አልሆነም እኮ።

ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል

የኤልቪርን መቃብር በኖራ አነጣን። ስትሞት ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። አሁን ብትኖር አግብታ ታንገበግበኝ ነበር። በየዓመቱ እዚያ ስቀመጥ የዓመቱን ወሬ በሙሉ እነግራታለሁ፤ ዘንድሮ ስለ ዱባው፣ ስለ እማሆይ፣ ስለ ኦክታቪ አዲስ ቀሚስ ነገርኳት። ኦክታቪ በቀሚሱ የጨው ጆንያ ትመስላለች፤ ይህን የነገርኩት ለኤልቪር ብቻ ነው።

ከዚያ ሲፕሪያን አባታችን ሆይን ጀመረ። ሁልጊዜ የሚጸልየው ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ነበር። ዛሬ ግን እንዲያ ጮኸ፣ ካዙዋሪናው ዛፍ ላይ ያረፉት ወፎች በሙሉ ተነስተው ሄዱ። እሱ እየጮኸ መሆኑን አላወቀም። ዓይኑን ጨፍኗል።

ኦክታቪ ከመንገዱ ማዶ፣ «ዛሬ ሰማይ ሩቅ ነው እንዴ?» አለች።

ሳቅሁ። ደህና ቀልድ ነበር። ለምን አፌ አፈር አፈር እንዳለኝ እንጃ።

ኖቬምበር 5

የድስት ክዳን ከእጄ አመለጠኝ። አመለጠኝ ነው የምለው። ሲፕሪያን ጀርባውን ሰጥቶኝ መረብ ይጠግናል። ክዳኑ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ዞረ፣ ዞረ፣ ጮኸ። እማሆይ በበሩ ሮጣ ወጣች። ኦክታቪ ከቤቷ ሆና «ምንድነው የተሰበረው?» አለች። ሲፕሪያን መርፌውን ይመዛል።

ክዳኑን አነሳሁት። እንደገና አመለጠኝ።

ኖቬምበር 8፣ ማታ

ቀይዋ ዶሮዬ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ሰሞኑን ጠፍቶብኝ ነበር። ዛሬ ተከተልኳት። እመቤቲቱ ቀጥ ብላ የቅርፊት መጋዘን ገባች፤ ክምሩ መሐል ቦታ አበጅታ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፣ ልክ ከምድጃ ዳር እንደተቀመጠች አሮጊት። «አንቺ፣ ጭድ ጎድሎብሽ ነው?» ብዬ እጄን ሰደድኩ። እንቁላሉ ሞቋል። የሷ ሙቀት ነው ብዬ ወደ ጎን ገባ አልኩ፣ ዶሮ ያልደረሰበት ቦታ። እዚያም ይሞቃል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ስሰደው ከአሻሮ ብረት ምጣድ አጠገብ የደረስኩ መሰለኝ። ሽታው ኮምጣጣ ነው።

እንቁላሉን ሳልይዝ ወጣሁ።

እንግዲህ «ልባቸው ራርቷል» ማለት ይሄ ነበር። እኔ ደግሞ ኮርቼ ነበር! ሁለት ወር ሙሉ እርጥብ ቅርፊት ወደ መጋዘን ሲገባ ሻይ እያመላለስኩ ቆሜ አይቻለሁ።

ቤት ውስጥ ማውራት አይቻልም። የቤታችን ግድግዳ ቅጠል ነው፣ የኦክታቪ ጆሮ ደግሞ ቅጠል ቀርቶ ድንጋይ ያልፋል። ስለዚህ ሲፕሪያንን እጁን ይዤ የጉሮሮው ጫፍ ወሰድኩት፤ እዚያ ውኃው ስለሚያገሳ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጮህ አይሰማም።

«ሲፕሪያን፣ መጋዘኑ እየበሰለ ነው!»

አፌን አየ። ደገምኩለት። በእጄ እሳት ሠራሁለት፣ ዶሮ ሠራሁለት፣ እንቁላል ሠራሁለት። ገባው። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ሲሰበር እሰማዋለሁ እኮ» አለ። ቀጥሎም፣ «የሰማሁ ይመስለኛል። ስንት ዘመን የሰማሁት ድምፅ ነው፤ እጄ ገና ሲያጥፈው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ ይላል። እውነተኛው ይሁን ትዝታው መለየት አልቻልኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት፣ ቃሉን በአፌ እየጎተትኩ፣ በእጄም እየረዳሁት።

«ከመልሕቁ።»

«ታዲያ ማታ ማታ የማወራህስ?»

«አፍሽን አያለሁ» አለ። «ሲቆም እነቀንቃለሁ።»

መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣብኝ፣ እውነቴን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለግድግዳ ሳወራ ከርሜያለሁ፤ ግድግዳውም ጨዋ ስለሆነ ይነቀንቃል! እሱም ስስቅ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቁ አለቀብን።

ለሙሴ ባርቶሎ እንንገር አልኩት። ራሱን ወዘወዘ። «የማይሰማ ሰው ጉሮሮው ላይ አያቆሙም። ልክ ናቸውም። ካፒቴኑ ሲመጣ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ፣ ልጫንህ ካለ ይጫነኝ። እርጥብ ቅርፊት አስረክቤ ግን አልሄድም። መጀመሪያ ላድርቀው።»

«ጀልባዎቹስ?»

እኔ ጀልባ በሚመጣበት ሰዓት ሁሉ ሻይ ይዤ አጠገቡ እንደምቆም ነገርኩት። ብዙ ሻይ ሊጠጣ ነው። በዚህ ላይ ውኃው አልቋል።

ኖቬምበር 9

ክምሩ በሙሉ ወደ ፀሐይ ወጣ። ላጮቹ አጉረመረሙ። ጋስፓር «ቶንቶን፣ ልብዎ ተመልሶ ደነደነ እንዴ?» አለ። ሲፕሪያን ፈገግ አለለት። ሙሴ ባርቶሎ ምነው ሲሉ «ካፒቴን ሎዛን ሊፈትሹ ነውና ጥርጣሬ እንዳይቀር ይገላበጥ» አልኩ። ውሸት አይደለም።

አሁን እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው የሚሰብረው፤ ቀጭ ሲል እጅጌውን እቆነጥጣለሁ። አስቸጋሪው ነገር ለመስማት ዝም ማለት ማስፈለጉ ነው። ከጋስፓር ጋር ስጫወት ሁለት ቀጭ አመለጡኝ። ራሴን ተቆጣሁ። ሲፕሪያን ሳያምን እጄን ያያል፤ የራሱን እጅ አምኖ የኖረ ሰው ነው።

ኖቬምበር 13፣ እሑድ

ኦክታቪ ጸሎት ላይ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ባልሽ ከንፈር መቀባት ጀመረ?» አለች። አየሁት። ከንፈሩ ቀይ፣ ጥርሱ ቀይ። ደም መሰለኝ፤ መዝሙሩን አቋርጬ ይዤው ወጣሁ።

ደም አይደለም! ትናንት ሲመሽ ጆንያ እያሰረ ነበር አለ። ሁለቱም እጁ ስለተያዘ ቁራጭ ቅርፊት በጥርሱ ነከሰ። ጆንያው ሲገፋው ቅርፊቱ ተሰበረ። «ቀጭ አለ!» አለኝ ዓይኑ እያበራ። «ሰማሁት ሴራፊን! ትዝታ አይደለም። መንጋጋዬ ውስጥ ነው የጮኸው። ከመልሕቁ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።»

አላመንኩትም። ከሁለት ክምር፣ ከደረቀውና ከእርጥቡ፣ እያቀላቀልኩ ሰጠሁት፤ ዓይኑን በሻሼ አሰርኩት፣ እጁንም ያዝኩ፣ በመዳሰስ እንዳያውቅ። ነክሶ ይሰብራል፣ «ደረቅ» ይላል። ነክሶ ይሰብራል፣ ይተፋል፣ «ጨርቅ» ይላል። አልሳተም። እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ ይሰማዋል፤ ሁለታችንም በአንድ ቀጭ አብረን እንስቃለን። እማሆይ መጥታ የተተፋውን ለቀመች፣ መረራትና ጥላን ሄደች።

እኔም ጆሮዬን ደፍኜ ሞከርኩ። እውነቱን ነው። አጥንት ይሰማል። ይህን መነኮሳቱም አላስተማሩኝም።

ኖቬምበር 16

ዛሬ ሜዳው ላይ ጆሮውን ትቶ በጥርሱ ጀመረ። ሳቁበት። «ቶንቶን፣ ሚስትዎ ምሳ ከልክለውዎታል?» አለ ጋስፓር።

ክምሩን መለሰበት። ሁለተኛም መለሰበት። በሦስተኛው ጋስፓር ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለለት። «የድሮው ቶንቶን ተመለሱ» አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል፣ እየተመለሰበት!

ኖቬምበር 20፣ እሑድ

ዘነበ።

ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ጸሎት ላይ ነበርን። አሜን ሳንል ሮጥን። ምንጣፍ፣ ሸራ፣ የአልጋ ልብስ፣ የኦክታቪ የጨው ጆንያ ቀሚስ ሳይቀር ቅርፊት ላይ ተደፋ። (የዓመት በዓል ልብሷን አውልቃ በውስጥ ልብሷ ስትሮጥ አየኋት። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ቀሚስ ክፉ አልናገርም።) የዳር ዳሩ ረጠበ፣ ትልቁ ክምር ግን ተረፈ።

ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። ጣሪያው ሥር ቆሜ አፌን ከፍቼ ጠጣሁ። ባሌ ያንን የረጠበ ቅርፊት እያነሳ ሲጥል እኔን መዝፈን አማረኝ፤ አፈርኩ፣ ግን አማረኝ። ሲፕሪያን አየኝና ባልዲ አቀበለኝ። «የአንቺ ጸሎት ድምፁ ጎላ» አለ።

ኖቬምበር 26

ጋስፓር አሁንም ሸሚዙን መቅዘፊያ ላይ እየሰቀለ ይመጣል። ሌሎቹ ጀልበኞችም ጀምረዋል። አንዱ የአልጋ ልብስ ሰቅሎ ነበር። ፋሽን ይሆናል።

ሌሊት ነቅቼ ስለ ማሄ አስባለሁ። የድንች ጓዳ። ዱባውን ለኦክታቪ እሰጣለሁ። መቃብሩን ማን በኖራ ይቀባል? ኦክታቪ ትቀባለች፣ ግን አታወራትም። ወይም ታወራታለች፤ ስለ እኔ።

ዲሴምበር 1

መርከቡ መጣ። አሁን ማታ ነው፣ ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ይዘፍናል፣ እኔም ልሂድ ነው፤ ግን ካልጻፍኩት ይፈነዳብኛል።

ካፒቴን ሎዛን ትልቅ ሆድ፣ ትንሽ እግር፣ ጥሩ ሳቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ግን አልሳቁም። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ቁራጭ መዘዙና ጆሯቸው ሥር ሰበሩ። ቀጭ። ሌላ። ቀጭ። ከጎናቸው ሲፕሪያንም መዘዘ፣ ነከሰ፣ ሰበረ።

«ሲፕሪያን፣ ጭነቴን ትበላዋለህ እንዴ?»

ሲፕሪያን ዞሮ አያቸው። ያሉትን አልሰማም፤ ሰዓቱ ግን መድረሱን አወቀ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ካፒቴን» አለ፤ ደግሞ እየጮኸ፣ ምስኪኔ። «ጆሮዬ ሄዷል። ከኦገስት ወዲህ አልሰማም። መጀመሪያ እርጥቡን ሁሉ አሳልፌ ነበር፤ አውጥቼ እንደገና አደረቅሁት። አሁን በጥርሴ ነው የምፈትሸው። የፈለጉትን ያድርጉ።»

ሙሴ ባርቶሎ እኔን አዩ። ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ጠፋኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አቅፌ ቆምኩ።

ካፒቴኑ ቁራጩን አገላብጠው አዩት። ሁለቱን ጆሯቸውን በጣቶቻቸው ደፈኑና «አጉርሰኝ» አሉ። ሲፕሪያን አጎረሳቸው፣ ሰበረላቸው። ፊታቸው ተኮማተረ። «ኧረ ይሄ ሬት ነው!» ብለው ተፉ። ከዚያ ቆም አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ድገመኝ።» ደገመላቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ጭንቅላቴ ውስጥ ጮኸ!»

ላጮቹ ሳቁ። ካፒቴኑ አልሳቁም፤ ከታች ያለው ክምር እንዲከፈት አዘዙና ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ሰደዱ። እኔ እንደዚያ ሆኜ ያገኘሁትን ሙቀት አሰብኩ። ክንዳቸውን አወጡ። «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «እንደ ጉድጓድ ውኃ።»

ደስታዬ ግን ገና ነበር፤ ቀጠሉ። «ቅርፊቱስ እሺ። ጉሮሮው ላይ ዛጎል ሲነፋ የሚሰማው ማነው? ጥርስ ዛጎል አይሰማም። ባርቶሎ፣ ይሄን ሰው ጫፉ ላይ ማቆም አንችልም።»

ሙሴ ባርቶሎ አንገታቸውን ደፉ። ካፒቴኑ ልክ ናቸው። ሲፕሪያን ራሱ ብሎታል። መቃብሩን አሰብኩ።

ያኔ ጋስፓር ወደ ፊት ወጣ። «ካፒቴን፣ እኛ ለቶንቶን ዛጎል መንፋት ከተውን ቆየን። ያን ቀን ከዳንን ወዲህ ነጭ ነገር እንሰቅላለን፣ ያዩናል።»

ሸሚዙ! ለካስ ሁሉም ያውቁ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ እዚህ ደሴት ላይ ስለ ሲፕሪያን ጆሮ ሚስጥር ይዘናል ያልነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«በጨለማና በጭጋግስ?» አሉ ካፒቴኑ።

«በጨለማ እንነፋለን» አለ ጋስፓር። «ለማዳም ሴራፊን። ጆሯቸው ከምላሳቸው አያንስም።»

ኦክታቪ ከኋላ፣ «እሱስ ከሆነ ማሄም ሆና ትሰማለች!» አለች። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ መጡ። «ማዳም፣ ዛጎል ሲነፋ ጫፉ ላይ ይገኛሉ?»

«ጫማም ባይኖረኝ» አልኩ። ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

«እንግዲያው» አሉ ለሙሴ ባርቶሎ፣ «ሰውየው ጥርሱ እስኪረግፍ እዚሁ ይቆይ።»

ሲፕሪያን ምን እንደተባለ አላወቀም። ሁሉም ሲስቅ ፊት ለፊት ያየው እኔን ነው። ሮጬ ሄድኩና በእጄ ቤት ሠራሁለት፣ ዱባ ሠራሁለት። ገባው።

ዲሴምበር 4፣ እሑድ

መርከቡ ትናንት ሄደ። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ቀይዋ ዶሮዬ ተቀይማ ወደ ጭዷ ተመልሳለች። ገንዳው ሙሉ ነው። ላጮቹ እስከ ሰኞ እረፍት ናቸው።

ከጸሎት በኋላ ሲፕሪያንን በሩ ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ፀጉሩን ቆረጥኩት። አወራለሁ፤ ማንም ባይሰማ ከልማዴ አልወጣም። ስለ ካፒቴኑ ፊት፣ ስለ ሬቱ፣ ስለ ኦክታቪ ነው የማወራው። አናቱ ላይ ያለውን ስቆርጥ ደክሞኝ አገጬን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፍኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

ሲፕሪያን ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። መቀሱ ጆሮውን ሊወስደው ነበር፤ ባይጠቅመውም ጆሮ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ምኑን?»

«ስለ ኦክታቪ። ቅድም። አገጭሽን መልሺው።»

መለስኩት። አገጬን አናቱ ላይ ጫን አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ «ቀሚሷን ለቅርፊት አለበሰችው» አልኩ።

«ቀሚሷን ለቅርፊት አለበሰችው» አለ ሲፕሪያን።

ልክ እንደ ቅርፊቱ! በአጥንቱ ገባሁለት። መቀሱን ጣልኩ፤ ግማሽ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ቀረ። ከኦገስት ጀምሮ ያልሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ አመጣሁለት፦ ጋስፓር ስለ ልቡ ያለውን፣ ለኤልቪር የነገርኳትን፣ ክዳኑ ሁለቴ እንዳመለጠኝ፣ ያመለጠኝ ሆን ብዬ እንደሆነ፣ ሌሊት የድንች ጓዳውን እያሰብኩ ማደሬን። አንገቴ እስኪዝል አወራሁ። ፀሐይዋ ዞራ እግራችን ላይ መጣች። እማሆይ ከፊታችን ቆማ አየችን፣ አንድ ሰው ሁለት ራስ ያወጣ መስሏት ይሆናል።

ሲፕሪያን ዝም ብሎ ሰማ። ዘንድሮ እንደለመደው ራሱን አልነቀነቀም፤ አገጬ እንዳይነሳበት ይሆናል። በመጨረሻ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጉንጬን ዳበሰና፣

«ሴራፊን» አለ፣ «እስቲ አፍሽን አሳርፊ።»

አላሳረፍኩም።